ሆያ ሆዬ በር ላይ፣ ውሻው ግቢ ውስጥ



ነሐሴ 12 ማታ ነው። ቦንጋ ላይ ክረምቱ ገና እግሩን አልሰበሰበም፤ ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ ጋብ ቢልም መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከዛፉም ጠብታ አላቋረጠም። ከታች በኩል የልጆች ድምፅ ይሰማል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በየእጃቸው የያዙትን ዱላ በአንድነት ከመሬት እያጋጩ ምቱን ይጠብቃሉ። ካለፉት ቤት ሙልሙል፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ጥቂት ብር ተቀብለዋል። አሁን ወደዚህኛው በር እየመጡ ነው።

ግቢው ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የሰማቸው አለ። ሰው የሚሰማው ድምፅ 20 ሺህ ኸርዝ ላይ ያበቃል፤ የውሻ ጆሮ ግን እስከ 45 ሺህና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ልጆቹ ሦስት ቤት ቀርቷቸው ሳለ እሱ ተነስቶ ቆሟል። ለእሱ ቡሄ የሚባል ነገር የለም። ያለው ጨለማ ነው፤ የማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ዱላ ይዘዋል፣ መሬት ይደበድባሉ፣ የሚመጡትም እንዲጠብቀው አደራ ወደተሰጠው በር ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ የሚጮኸው ታማኝ ስለሆነ ነው። በዚህች ቅጽበት የልጆቹም የውሻውም ደኅንነት የሚወሰነው የቤቱ ሰው ቀን ላይ ባሰበው ወይም ባላሰበው ነገር ነው።

የዛሬው ዲስኩር ስለዚያ ሐሳብ ነው፤ በዓልን ከውሻ ጋር በሰላምና በደስታ ስለማሳለፍ።

ልጆች በየበሩ የሚዞሩበት ምሽት ሌላም አገር አለ፤ አሜሪካኖች በየዓመቱ ኦክቶበር 31፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ ሃሎዊን የሚሉትን ምሽት ያከብራሉ። ልጆች ልዩ ልብስና ጭንብል አድርገው በየቤቱ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ፣ ከረሜላና ቸኮሌት ይቀበላሉ፣ በየደጁ ሻማ ይበራል። የዚያ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ያ ሰሞን ሲደርስ ውሻ ላላቸው ሰዎች ምክራቸውን ይደጋግማሉ፤ በር ሲከፈት አምልጦ እንዳይወጣ፣ ቸኮሌት እንዳይበላ፣ ሻማ እንዳይገለብጥ፣ የሚያፍነው ልብስ እንዳይለብስ። በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ምሽት ያውቁታል፤ ልጆቻቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር ይዞራሉ። ቦንጋ ሃሎዊንን አታከብርም፣ ማክበርም አያስፈልጋትም። የራሷ አላት። ልጆች በጨለማ በየበሩ የሚዞሩበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ያልተለመደ ድምፅ የሚሰማበት፣ ቤቱ ለውሻ በማይስማማ ምግብ የሚሞላበት ወቅት ከቡሄ ይጀምርና በእንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ላይ ይደርሳል። በካፋ ደግሞ በዚሁ መስከረም ዘመን መለወጫው ማሽቃሬ ባሮ አለ፤ በቦንጌ ሻምበቶ ሕዝብ የሚሰበሰብበት። ከነሐሴ 13 እስከ መስከረም 17 ያለው ጊዜ 40 ቀን ያህል ብቻ ነው። አሜሪካዊው ውሻ በአንድ ሌሊት የሚያየውን የቦንጋ ውሻ በነዚህ ቀናት ውስጥ ደጋግሞ ያየዋል።

በካፋ ገጠር ውሻ ሥራ አለው። እንሰቱን ከጃርትና ከአሳማ፣ በቆሎውን ከዝንጀሮ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሌሊት ከጫካው ጠርዝ የሚመጣውን፣ ሰው ሳይሰማ፣ የሚሰማው፣ ጋጣው አጠገብ የሚያድረውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ አገልግሎት እያለ የበዓል ዝግጅት ሲታሰብ ውሻ የሚታወሰው አጥንት ሲተርፍ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። በጉ ይገዛል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ቤቱ ይቀባል። ውሻው ግን በአጭር ሰንሰለት በሩ ሥር እንደታሰረ ይቀራል።

ከዚያ ሰንሰለት እንጀምር። በሩ ሥር በአጭሩ የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ ያልቻለ እንስሳ የቀረው ምርጫ መንከስ ነው። ስለዚህ በቡሄ ዋዜማ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ውሻው ከበሩ ይራቅ። ከሰዓት በኋላ ዞር ዞር ብሎ ይምጣ፣ ራቱን ቀደም አድርጎ ይብላ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ወይም ወደ አንድ ክፍል ይግባ። ጆንያ ይነጠፍለት፣ ውኃ ይቀመጥለት፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ራዲዮ ቢከፈትለት የውጩን ድምፅ ይሸፍንለታል። ሙልሙሉን የሚሰጠው ሰው አዋቂ ይሁን፤ ከበሩ ወጥቶ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ ይስጥ። በሩ ተከፍቶ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ገብተው እንዲጨፍሩ የሚፈልግ ቤት ደግሞ ይህንን ማድረግ የሚችለው ውሻው ከተዘጋበት በኋላ ብቻ ነው። ጭፈራውን ማንም አይቀንሰውም፤ የቤቱ ሽማግሌዎችም ምርቃቱን እዚያው በረንዳ ላይ ሆነው ይቀበላሉ።

ለልጆቹም የሚነገር አለ፤ ወላጆች ዱላውን ሲሰጧቸው አብረው ቢነግሯቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዱላቸውን ዝቅ ያድርጉ፣ ከውጭ ይጣሩ፣ እስኪወጣላቸው ይጠብቁ። ውሻ ቢመጣባቸው አይሩጡ፤ የሚሮጥን ነገር መከተል የውሻ ተፈጥሮ ነው። እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ዝም ብለው ይቁሙ። ከወደቁ ተጠቅልለው አንገታቸውንና ፊታቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ። ትንንሽ ልጆች ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ንክሻው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ራሳቸውና ፊታቸው ላይ ነው። የሚያውቁትም ቢሆን የሚበላን፣ የታሰረንና ቡችላ ያላትን ውሻ አይንኩ።

የቡሄ ጅራፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጅራፉ ጩኸት በደብረ ታቦር ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው፤ ችቦው ደግሞ በዚያ ተራራ የታየው ብርሃን። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ አልፎ ሲሄድ አየሩ ስለሚሰነጠቅ ነው። በትንሽ ደረጃ የጥይት ድምፅ ዓይነት መሆኑ ነው። ብዙ ውሾች ይህን ድምፅ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የርችቱን፣ አይችሉትም። ይንቀጠቀጣሉ፣ ያለከልካሉ፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ ሰንሰለት በጥሰው አጥር ዘለው ይጠፋሉ። በማግስቱ ባጃጅ ገጭቷቸው ወይም ሌላ ሰፈር ገብተው ይገኛሉ። የፈራን ውሻ ማባበል ፍርሃቱን ያስለምደዋል የሚል አነጋገር አለ፤ ልክ አይደለም። አጠገቡ ረጋ ብሎ መቀመጥ ይጠቅመዋል፤ መቆጣትና መምታት ግን ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ልጆች ጅራፋቸውን ከሐምሌ ጀምሮ ስለሚለማመዱ፣ ባለውሻውም ያኔውኑ ሊጀምር ይችላል፤ ጅራፉ በሩቅ ሲጮኽ ትንሽ ምግብ መስጠት፣ ቀን በቀን ድምፁን በጥቂቱ እያቀረቡ መሄድ። ውሻው ድምፁን ከሚወደው ነገር ጋር እያያዘው ይመጣል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት።

የቡሄን ስም ከቡሆ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ቡሆ ሊጥ ነው። የውሻው የመጀመሪያ የወጥ ቤት አደጋም ይኸው ሊጥ መሆኑ የሚገርም ነው። ያልተጋገረ፣ እርሾ የገባበት ሊጥ የውሻ ሆድ ውስጥ በሙቀቱ መኩፋቱን ይቀጥላል። ሆዱ ይነፋል፤ እርሾውም እዚያው አልኮል ያመርታል። ሊጥ የሰረቀ ውሻ እንደሰከረ ሰው ሲንገዳገድ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ከባድ ከሆነም ይሞታል። የሙልሙሉ ሊጥ ሌሊቱን የሚያድርበት ዕቃ ክዳኑ ይጠበቅ፣ ከፍ ብሎም ይቀመጥ። የተጋገረ ሙልሙል ቁራሽ ምንም አያደርገውም። ጠላና ጠጅ ግን ለሳቅ ብለው እንኳ አይስጡት።

ዶሮ ወጡ ሲመጣ ደግ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ውሻው ዓይን ዓይን እያየ ይቀመጣል፣ አንዱ ያዝንለትና መረቁን ከአጥንቱ ጋር ይጥልለታል። በዚያ መረቅ ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት አለ። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይበልጥ ይበረታበታል። ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ ደሙ ይጎዳል። አሥር ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት። ክፋቱ ምልክቱ ዕለቱን አለመታየቱ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይደክማል፤ ያኔ የበዓሉን ወጥ ማንም አያስታውሰውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የቅቤና የጮማ ብዛት ቆሽቱን ያሳብጠዋል። ለውሻው ድርሻ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው፣ ይህም ደስ የሚል ፍላጎት ነው፣ ሥጋው ወጥ ውስጥ ሳይገባ፣ ቅመምና ሽንኩርት ሳይነካው፣ ትንሽ ቀይ ሥጋ ለብቻው ቀቅሎ፣ ከአጥንት ለይቶ፣ ከእንጀራ ወይም ከቆጮ ጋር ያቅርብለት። የውሻው በዓል በዚህ ይሞላል።

ስለ ቡና ማንሳት በቦንጋ ግድ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች በሃሎዊን ሰሞን ስለ ቸኮሌት አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ቴኦብሮሚን የሚባል ነገር ስላለው ነው። የቴኦብሮሚን የሥጋ ዘመዱ ካፌይን ነው፤ ካፌይን ያለው ደግሞ ካፋ ቡኖ ብሎ በሚጠራው፣ ከዚሁ ጫካ ወጥቶ ዓለምን በዞረው ፍሬ ውስጥ ነው። ሰው በቀላሉ የሚያስወግደውን ቴኦብሮሚን የውሻ ሰውነት በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። ካፌይኑም በአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊ ግራም ያህል ሲደርስ ውሻው ይታመማል፤ 60 ሲደርስ ይንፈራገጣል። አንድ ግራም የአረቢካ ቡና ፍሬ ወደ 12 ሚሊ ግራም ካፌይን ይይዛል። ሒሳቡ ሲሠራ አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ ለመታመም 17 ግራም ያህል ፍሬ ይበቃዋል፤ አንድ ሰው በእፍኙ ከሚይዘው ያነሰ።

ውሻ መራራ ነገር ይጠላልና ደረቅ ቡና ብዙ ጊዜ አይነካም። አደጋው ያለው ቡናው ከሌላ ነገር ጋር ሲቀላቀል ነው። በቅቤ የሚጠጣበት ቤት አለ፤ ከጀበናው ተንቆርቁሮ የተደፋው አተላ የቅቤ ሽታ ይዞ ጓሮ ይጣላል። በእንቁጣጣሽ ከጠዋት እስከ ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጀበናው ሦስቴ አራቴ ሲጣድ የሚጠራቀመው አተላ ቀላል አይደለም። ቡችላ ደግሞ ሁሉን ይቀምሳል። አተላው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ለእንሰቱ ወይም ለጎመኑ ሥር ከአፈር ተቀላቅሎ ይቀበር። ውሻው ከበላ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቁነጠነጣል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ማርከሻ የለውም። ወተትና ጨው መጋቱ አይረዳም፤ ፈጥኖ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ፣ የበላውን ዓይነትና መጠን መንገር ብቻ ነው።

በጉ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ በግ ስም ያለው ሀብት ነው። የቦንጋ በግ በትልቅነቱና በላቱ ይታወቃል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳና ከሌሎች አጋሮች ጋር በአዲዮ ወረዳ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀምሯል፤ አርቢዎቹ ተሰብስበው ምርጡን ጠቦት ለአውራነት ያስቀራሉ፣ በየተራ ይጠቀሙበታል። ድሮ ቶሎ ያደገው ጠቦት ቀድሞ ገበያ ይወጣ ነበር፤ አሁን ዘር ይተካል። ይህን ያህል የተደከመበት በግ በበዓል ዋዜማ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ግን አንድ የተለመደ ነገር ይደረጋል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ የውኃ ቋጠሮ ይታያል፤ የሚያርደው ሰው ቆርጦ «ይሄ አይበላም» ይልና ለውሻው ይወረውርለታል።

ያ ቋጠሮ የትል ጽንስ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጡ ብዙ ትሎች ያድጋሉ፤ ውሻውን አያሳምሙትም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆን እንቁላላቸውን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣሉ። እንቁጣጣሽ ላይ ቋጠሮ የበላ ውሻ እንቁላል መጣል የሚጀምረው እንግዲህ በጥቅምት አጋማሽና ማብቂያ፣ እነዚያ ሃሎዊን በሚያከብሩበት ሰሞን ነው። እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ በጉ ይግጠዋል፤ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጁ ይዳብሰዋል፣ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ቋጠሮው ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ ነው። የበግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ የሚሰጥበት ቤትም በዚሁ ዓይነት መንገድ አርቢዎች አዙሪት የሚሉትን በሽታ ያስፋፋል፤ በጉ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ እየዞረ የሚወድቅበትን።

መከላከያው ከባድ አይደለም። የሚጣለው ሆድ ዕቃና ቋጠሮ ያለበት ሁሉ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፣ ድንጋይ ይጫንበት። ለውሻው መስጠት የግድ ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀል። አጥር ጀርባ መወርወር ግን የራስን ችግር ለሰፈር ማካፈል ነው፤ የመንገድ ውሻ ይሰበሰባል፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለውም በእውን ይደርሳል፣ ቦንጋ ዙሪያ ጫካ ነውና። ለትሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ መጠኑንና ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ የእንስሳት ሐኪሙ ይወስናል።

ከሁሉም የሚከብደው ቀርቷል።

የእብድ ውሻ በሽታ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው ባሳተሙት ጥናት፣ በ1895 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ አዲስ አበባ ላይ በውሾች መካከል የተነሳውን ወረርሽኝ ይጠቅሳሉ። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የተመዘገበ ታሪክ አለው። ዛሬም በዓለም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው ይገድላል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99ኙ የሚመጣው በውሻ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት የኢትዮጵያን ድርሻ በዓመት 2,700 ገደማ አድርጎታል። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶ 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩትም እነሱ ናቸው።

ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ ሁሉም አይናከስም። አንዳንዱ ጸጥ ይላል፤ አገጩ ይወድቃል፣ ለሃጩ ይፈሳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሰው «አጥንት አንቆት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ይያዛል። በበዓል ሰሞን፣ አጥንት በበዛበት ጊዜ፣ ይህ ስሕተት ይበልጥ ቀላል ነው። ጠባዩ የተለወጠ ውሻን አፍ ማንም በባዶ እጁ አይንካ።

ልጅ ቢነከስ የመጀመሪያው ሕክምና ያለው እዚያው ቤት ነው። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በሰዓት ተቆጥሮ፣ ልጁ ቢያለቅስም። ከዚያ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም፤ በቦንጋ ወደ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ዓመት። ይህ ጊዜ ክትባቱ ከቫይረሱ የሚቀድምበት ዕድል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚመለስ የለም ማለት ይቻላል። ቤተሰብ በጠበልና በጸሎት መጽናናቱን ማንም አይከለክለውም፤ ልጁ ግን ክትባቱን ይጀምር፣ ቀጠሮውንም ሳያጎድል ይጨርስ። የነከሰው ውሻ ከታወቀ ወዲያው አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም።

ከተሞች በአደጋ ጊዜ የመንገድ ውሾችን በመርዝ የመግደል ልማድ አላቸው። ይህ ሥራ ሥቃይ የበዛበት ነው፤ የሰው ውሻና ጥንብ የሚበላ አሞራም አብሮ ይሞታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ውጤት አለማምጣቱ ነው። የተገደለውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሌላ ነው፤ ከአካባቢው ውሾች ከመቶ 70ዎቹ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ጫካ አጠገብ የምትኖር ከተማ ደግሞ ይህን የምታደርገው ለራሷ ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች ከ1995 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሳው ወረርሽኝ ከእረኞች ውሾች የመጣው በሽታ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለውን ቀይ ቀበሮ በብዛት ጨርሶታል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ጫካም ሥጋ በል አራዊት አሉት፤ ከውሾቻችን ጋርም በአንድ ድንበር ይገናኛሉ።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ላይ ክትባቱን የሞከረው በጁላይ 1885 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ልጁ ዳነ። ፓስተር ያረፈው ከዐድዋ ድል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዕለቱም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ተብሎ ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ነው፤ የመስቀል ማግስት። በየአራት ዓመቱ አንዴ ደግሞ መስቀል ራሱ ላይ ይውላል። ካፋ ሙሉ ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ከሩቅ የመጣው ልጅም ገና ሳይመለስ የሚገኝበት ቀን ነው። የክትባት ዘመቻ ቀን ፍለጋ ለሚወጣ አስተዳደርና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ቀን ማግኘት ይከብደዋል። ሁሉም ቤት ሰው አለ፤ ውሻውን ገመድ ይዞ የሚያመጣ ልጅም በየቤቱ አለ።

ስለ ደመራው ብዙ ማለት አያሻም። መስከረም 16 ሕዝብ በተሰበሰበበት ውሻ ባይኖር ይመረጣል፤ እቤት ይቆይ። የሰፈር ችቦ ሲነድም በገመድ ይያዝ። በማግስቱ አመዱ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ሥሩ ፍም ነውና መዳፉን ያቃጥለዋል። ልጆች አደይ አበባ ጎንጉነው አንገቱ ላይ ቢያደርጉለት ያምርበታል፤ እስካልጠበቀው፣ ዓይኑን እስካልሸፈነው፣ መጣል ሲፈልግም እስከተተወለት ድረስ።

የዘንድሮን ቡሄ ለሚያስብ ሰው አንድ የቀን ሒሳብ ይቀራል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚቀጥርለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገምለታል። የመጀመሪያው ክትባት ሙሉ ጥበቃ እስኪሰጥ 28 ቀን ይቆጠራል። ልጆቹ ነሐሴ 12 ማታ በሩ ላይ ይቆማሉ። 28 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ሐምሌ 14 ላይ ያርፋል፤ በዚያ ቀን 3 ወር የሚሞላው ሚያዝያ 14 ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ቡችላ ነው። የሰፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን መግመድ የሚጀምሩትም በዚያው ሰሞን ነው።